ሃያ አንደኛው ጠብታ

የምሥራችን ቅናተኛ ነሽ ቢሏት ከልቧ ትቀየማለች። «እኔ የማልወደው ግፍ ብቻ ነው» ነው መልሷ። ቅናት ደግሞ በስሙ ሲጠሩት አቤት ብሎ አያውቅም፤ ዛሬ ፍትሕ ነኝ ይላል፣ ነገ ሐቅ ነኝ ይላል፣ ብቻ የሰው ልብ ውስጥ ሳይገባ አያድርም።

እሷ ልብ ውስጥ የገባው እንጅባራ ላይ ነው፤ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። በዚያ ላብራቶሪ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንዷ የምሥራች ናት፣ የዳንግላ ከተማ ልጅ። ሌላዋ ቤዛዊት ናት፣ ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ። የሁለቱም አማካሪ ዶክተር ሀብቱ ናቸው። ግንቦት ላይ ዶክተር ሁለቱን ቢሯቸው ጠርተው እንዲህ አሏቸው፦

«ለመጪው ዓመት የረዳት መምህርነት ቦታ ተፈቅዶልናል። ሁለት አይደለም፣ አንድ ነው። ነሐሴ ላይ ሥራችሁን በሴሚናር ታቀርባላችሁ። ሥራዋ የጠራላት ትቀጠራለች።»

የምሥራች ከቢሮው ስትወጣ ቦታውን የራሷ አድርጋ ነው የወጣችው። ለእናቷ ደውላ ነገረች፤ እናቷም ለሰፈሩ ነገሩ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

የሚያጠኑት ሳሙናን ነው። መቼም ሳሙና ምኑ ይጠናል የሚል አይጠፋም፤ የምሥራች እናት ወይዘሮ በቀለችም መጀመሪያ ሲሰሙ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሳሙና?» ብለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሳሙና ውሃ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዷ ቅንጣት ውሃ የምትወድ ራስና ውሃ የምትጠላ ጅራት አላት። ቅንጣቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ተበታትነው ይኖራሉ። ሲበዙ ግን ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ደብቀው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ። ይህን ስብስብ ሚሴል ይሉታል፤ የልብስ እድፍ የሚያነሣውም እሱ ነው። ስብሰባው የሚጀመርበት የራሱ ልክ አለው፤ ሁለቱ ልጆች የሚፈልጉት ያንን ልክ ነው።

ልኩ የሚገኘው ጠብታ በመቁጠር ነው። ፒፔት የምትባለዋ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ትሞላና፣ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ይቆጠራል። የእነሱ ፒፔት በንጹሕ ውሃ ሃያ ጠብታ ይሰጣል። ሳሙና ሲጨመር ጠብታው እያነሰ ቁጥሩ እየበዛ ይሄዳል፤ ሳሙናው መሰብሰብ ሲጀምር ቁጥሩ መጨመሩን ያቆማል። ያ ነው ልኩ። ለያዙት ሳሙና መጽሐፉ የሚለው በሊትር ስምንት ሚሊሞል ነው።

የምሥራች ሳሙናውን ለብቻውና ከገበታ ጨው ጋር እንድትለካ ተመደበች። ቤዛዊት ደግሞ ከአዮኒክ ሊኩዊድ ጋር። አዮኒክ ሊኩዊድም ጨው ነው፤ ግን እንደ ሌላው ጨው ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም፣ እንደ ቀጭን ማር ፈሳሽ ሆኖ የሚኖር ጉደኛ ጨው ነው። ስድስት ወር ተጠብቆ ከባሕር ማዶ የመጣው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ዶክተር ሀብቱ ጠርሙሷን ለቤዛዊት ሲሰጧት በሁለት እጃቸው ነው የሰጧት። የምሥራች ያንን ሁለት እጅ አልረሳችውም። ለእሷ የገበታ ጨው፣ ለዚያች የባሕር ማዶ ማር! እርር ድብን አለች።

ከዚያ ወዲያ የቤዛዊት ነገር ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። ገብስ ቆሎ ስትቆረጥም ድምፁ፣ ጫማዋ ላይ የማይጠፋው ጭቃ፣ ስትሠራ የምታንጎራጉረው ዜማ። «በየት በኩል ነው ከእኔ የምትበልጠው?» ትላለች በልቧ፣ በቀን አሥር ጊዜ። ይባስ ብሎ ዶክተርና ቤዛዊት ሲገናኙ በአውንጊ ያወራሉ። ዶክተር የገጠር ልጅ ናቸው፤ ቋንቋቸውን ሲያገኙ ፊታቸው ይፈታል። የምሥራች ዳንግላ ተወልዳ ብታድግም ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። አንድ ቀን በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ከማይገባት ንግግር መሃል የራሷን ስም ሰማች። ቀጥሎም በአማርኛ «ስድስት ተኩል» ሲሉ ሰማች። ቤዛዊት በአጭሩ መለሰች፤ ዶክተር ራሳቸውን ነቀነቁ። የምሥራች ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ስድስት ተኩል የእሷ ቁስል ነው። መጽሐፉ ስምንት የሚለውን እሷ ስትለካው ስድስት ተኩል ይመጣል። «ድገሚው» ይሏታል ዶክተር። ትደግመዋለች፤ ስድስት ተኩል። «ለምን ይመስልሻል?» ይሏታል። ፒፔቱን ወቀሰች፣ የቤቱን ብርድ ወቀሰች፣ ሳሙናው ቆይቷል አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቤዛዊት ለሙከራ ያህል አንዴ ለክታ ስምንት ያገኘች ጊዜ፣ የምሥራች «ከመጽሐፉ ገልብጣው ነው» ብላ ለራሷ ነገረች። ነግራም አመነች።

ሁለቱ የየራሳቸውን ዕቃ ነበር የሚያጥቡት። የምሥራች የምታጥበው በእንዶድ ነው። እናቷ በዳንግላ ሰፈር ነጠላ በማንጣት ስም ያላቸው ሴት ናቸው፤ እንዶዱን አድርቀው፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ወቅጠው፣ በፌስታል ቋጥረው ይሰጧታል። መጀመሪያ ያመጣችው ጊዜ የላብራቶሪው ዕቃ ጠባቂ አቶ አስማረ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው እያዩ «እንዲህ ሲያብረቀርቅ አይቼ አላውቅም፤ አንቺስ ባለሙያ ነሽ!» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ማጠቢያ በእጇ አልነካችም። ታጥባለች፣ ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች፣ ትደፋለች። ለዶክተር መንገርን ጉዳዬም አላለችው፤ ማጠቢያ ማጠቢያ ነው።

ቤዛዊት አንድ ቀን ጠጋ አለቻት።

«የምሥራችዬ፣ እንዶድ በዋዛ አይለቅም እኮ። እኛ ቤት እናቴ በእንዶድ የታጠበ ቅል ውስጥ ወተት አታደርግም። አሥር ጊዜም ቢሆን አለቅልቂው።»

«እኔ የማጥበው ቅል አይደለም» አለች የምሥራች፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ቤዛዊት ሳቅ ልትል ሞክራ ተወችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አፍ ላይ ብቻ ቀረ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ ተማሪውም ባጃጅ ፍለጋ ጃንጥላ ለጃንጥላ ይጋፋል። ቤዛዊት አዮኒክ ሊኩዊዱን ልትጀምር ነው። የምሥራች ያችን ትንሽ ጠርሙስ ስትከፈት ባየች ቁጥር የምትቆጥረው ጠብታ ይጠፋታል። በዚህ ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣላት። እንዶድ ራሱ ሳሙና ነው፤ ዕቃ ላይ ከቀረ ጠብታው ሁሉ ይዘበራረቃል። ዶክተር «ድገሚው» ይሏታል። እስቲ እሷም «ድገሚው» ትባል!

«ቤዛ» አለቻት ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አንቺ ሥራ በዝቶብሻል፤ ሰሞኑን ዕቃሽን እኔ ላጥብልሽ።»

ቤዛዊት ቀና ብላ አየቻት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ማን ማንን እንደወሰደ ግን በኋላ ነው የሚታየው።

አሥራ አራት ቀን ሙሉ የምሥራች የቤዛዊትን ፒፔትና ብርጭቆ አወፍራ በበጠበጠችው እንዶድ አጠበች። የራሷን ሦስት ጊዜ አለቀለቀች። የቤዛዊትን ግን አንድም ጊዜ አላለቀለቀችም፤ አረፋውን አራግፋ ብቻ ደፋችው። ስትደፋው በሩን በሩን ታያለች፤ ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ ይላታል።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። ቤዛዊት በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነጥቦቹን አስቀምጣ ለዶክተር ስታሳያቸው የምሥራች በትከሻዋ በኩል አየች። የተዘበራረቀ ነገር የለም። አዮኒክ ሊኩዊዱ ትንሽ ትንሽ በተጨመረ ቁጥር ልኩ ከስምንት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አራት ተኩል፣ ከዚያም ወደ ሦስት፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ ወርዷል።

«ይኸው!» አሉ ዶክተር፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «የሳሙናው ራሶች አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ስለያዙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አዮኒክ ሊኩዊዱ መሃላቸው እንደ ሽማግሌ ገብቶ ያበርዳቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ሆነውም ይሰበሰባሉ። ቤዛዊት፣ ግሩም ሥራ ነው!»

የምሥራች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው የእሷ እንዶድ ነው! ልኩን ያወረደው ከባሕር ማዶ የመጣው ማር ሳይሆን እናቷ ዳንግላ ላይ የወቀጡት እንዶድ ነው። ልታዋርዳት ያሰበቻትን ልጅ ሰማይ ሰቀለቻት። አሁን ቤዛዊት «ግሩም» የምትባለው በእሷ እጅ ነው፤ ያን ማወቅ ደግሞ ከፊተኛው ቅናት የባሰ ነበር። በፊት የሰው ሀብት ነበር ያቃጠላት፤ አሁን የሚያቃጥላት የተዘረፈ የሚመስላት የራሷ ሀብት ነው። ራሷ የሰረቀችውን ራሷ ተሰረቅሁ አለች።

ቅዳሜ ዳንግላ ወረደች። ወይዘሮ በቀለች በረንዳ ላይ ሆነው እንዶድ እየወቀጡ አገኘቻቸው።

«እዚያ ቆሰበር ብርድ አልጨረሰሽም?» አሉ እናቷ፣ ከእንጅባራ ይልቅ የድሮ ስሙ ስለሚቀናቸው። «ያች የጥሊሊዋ ልጅስ ደህና ናት?»

«ምን አስጠራሽ እሷን?»

«ስሟን ስጠራ ፊትሽ ይጠቁራል። ምን አደረገችሽ?»

«በሰው ሥራ ላይ ቆማ ቦታዬን ልትወስድብኝ ነው፣ እማዬ!»

«በማን ሥራ?»

በእኔ ተንኮል ላይ ነው የቆመችው ብላ እንዴት ትናገር? እናቷ ውቀጣውን አቁመው አዩዋት። ልጃቸውን ያውቋታል፤ በሰባት ዓመቷ የጎረቤት ልጅ አዲስ ቀሚስ ላይ ሆን ብላ ቡና የደፋች እሷ ናት።

«የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው። ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።» ፌስታሉን ቋጥረው ሰጧት።

በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ፣ የመስኮቱን ጉም በመዳፏ እየጠረገች፣ የምሥራች ወሰነች። ሐቁ መውጣት አለበት። ሳይንስ ሐቅ ነው። ሴሚናሩ ላይ ትነሣለች፣ የቤዛዊት ዕቃ እንዶድ ነበረበት ትላለች። ለምን ሳታለቀልቂ ቀረሽ ካሏት «ረሳሁ» ትላለች፤ መርሳት ኃጢአት አይደለም። የቤዛዊት ሦስት ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ ለራሷ ሳታዝን ሐቅ የተናገረች ትሆናለች። እንጅባራ እስክትደርስ ድረስ ይህን እያመላለሰች የእውነት ያመነችበት ይመስላል።

የሴሚናሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የምሥራች ቀድማ አቀረበች፤ ስድስት ተኩል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ፣ ዶክተርም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ቀጥላ ቤዛዊት ወጣች። ጭቃ የነካው ጫማዋ ዛሬ ተወልውሏል። ቀስ ብላ፣ ግልጽ አድርጋ አስረዳች። መጨረሻ ላይ ወረቀቷን አጥፋ እንዲህ አለች፦

«ዶክተር ሀብቱን አመሰግናለሁ። ደግሞም ዕቃዬን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጠበችልኝን እኅቴን የምሥራችን አመሰግናለሁ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። የምሥራች ፊቷ ጋለ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ታመሰግነኛለች? በእኔ እንዶድ አጊጣ? ተነሣች።

«ጥያቄ አለኝ» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ያ ሦስት የአዮኒክ ሊኩዊዱ ሥራ ላይሆን ይችላል። ለሐቅ ስል መናገር አለብኝ። ዕቃዋን ያጠብኩት በእንዶድ ነው። እንዶድ ሳሙና ነው። ሳላለቀልቀው... ረስቼ ነው የቀረሁት። ስለዚህ ውጤቱ ሊታመን አይችልም።»

ዶክተር ሀብቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ቤዛዊት አልደነገጠችም፤ ስትጠብቀው የቆየችው ነገር እንደደረሰ ሁሉ ረዘም አድርጋ ተነፈሰች። ከቦርሳዋ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተሯን አወጣችና ለዶክተር ሰጠቻቸው።

«ዶክተር፣ እርስዎ ያንብቡት።»

ዶክተር ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡ። «ሐምሌ ዘጠኝ። ከመለካት በፊት ንጹሕ ውሃ፣ ሠላሳ አንድ ጠብታ። እንዶድ አለበት። በሙቅ ውሃና በአልኮል ታጠበ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ተለቀለቀ። ንጹሕ ውሃ፣ ሃያ። ሐምሌ አሥር። ንጹሕ ውሃ፣ ሃያ ዘጠኝ። እንዶድ አለበት። ታጠበ። ሃያ። ሐምሌ አሥራ አንድ...» ገጹን ገለጡ፤ ደግመው ገለጡ። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው ወደ የምሥራች ዞሩ።

«አሥራ አራት ቀን ሙሉ ነው የረሳሽው?»

የምሥራች መቀመጥም መቆምም አልሆነላት።

«ሦስቱ ሦስት ነው» አሉ ዶክተር ለአዳራሹ። «በንጹሕ ዕቃ ነው የተለካው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ እስቲ። የራስሽን ዕቃ በምንድን ነው የምታጥቢው?»

«በ... በእንዶድ።»

«ስንት ጊዜ ታለቀልቂያለሽ?»

«ሦስት።»

«ከመለካትሽ በፊት በንጹሕ ውሃ ትቆጥሪያለሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልቆጥርም ማለቷ ነው። ዕቃዋ ሲያብረቀርቅ እያየች ለምን ብላ ትቆጥራለች?

«ስድስት ተኩል» አሉ ዶክተር ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ዓመቱን ሙሉ ስጠይቅሽ!»

ከኋላ ወንበር አቶ አስማረ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ብለው አጉተመተሙ። የሳቀ ሰው የለም። አቶ አስማረም መጀመሪያ ያሞገሷት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ብሏቸው መሰል አንገታቸውን ደፉ።

ሰዉ ሲበተን ቤዛዊት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። የምሥራች ልታልፋት ስትል ፊቷ ቆመችባት።

«ያን ቀን በአውንጊ ስናወራ ስምሽን ሰምተሻል፤ አይቼሽ ነበር» አለች ቤዛዊት። «ዶክተር የጠየቁኝ ለምን ስድስት ተኩል እንደሚመጣብሽ ነው። እንዶድ መሆኑን አውቄ ነበር። ልነግራቸው አስቤ፣ ራሷ ትድረስበት ብዬ አላውቅም አልኳቸው። ለአንቺም ደግሜ ልነግርሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ሁሉ አረፋ ዕቃዬ ላይ ሳይ ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን መርሳት እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺም በስድስት ተኩልሽ ኑሪ ብዬ ተውኩሽ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔም ሰው ነኝ፣ የምሥራች።»

ሄደች። የጫማዋ ድምፅ በደረጃው ወርዶ እስኪጠፋ የምሥራች ቆማ ሰማችው። ቦታው የማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ የሚነግራት ሰውም አያስፈልጋትም ነበር።

ላብራቶሪው ባዶ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የምሥራች የራሷን ፒፔት ከመደርደሪያው አነሣች፤ ሦስት ጊዜ የተለቀለቀ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መስኮቱ ላይ ሲያዩት እንደ አዲስ። በንጹሕ ውሃ ሞላችው፣ ጣቷን ከላይ አነሣች፣ መቁጠር ጀመረች። ቤዛዊት ውሸታም ብትሆን፣ ዶክተር ተሳስተው ቢሆን፣ ምነው ሃያ ላይ ቢያልቅ ብላ ለመነች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያኛዋ ስትወርድ ውሃው ገና ከታችኛው ምልክት በላይ ነበር።

ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስትቆጥር የኖረች ናትና አልጨፈነችም። ፒፔቱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠብታ አበጠ፣ ተንጠለጠለ፣ ወደቀ።

«ሃያ አንድ» አለች፣ ድምፅዋን አውጥታ።